ልጅ የሚይዝ ሰው ይዛችሁ ውጡ

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች ሦስቱ አንድ ጉዳይ ላይ ገጠሙ፤ ልጅን ለሥራ ጉዞ ይዞ መውጣት። ጉዳዩ የማላውቀው አይደለም። ጡረታ እስክወጣ ድረስ መረጃ ሰብሳቢዎችን እየመራሁ ከወረዳ ወረዳ ስዞር ነው የኖርኩት። ሴቷ ልጄ ዳዴ ማለት የጀመረችው መቱ ላይ ነው፤ ወንዱ የመጀመሪያ ጥርሱን ያበቀለው ወልዲያ። ስለዚህ ዛሬ መልሴ ትንሽ ረዘም ቢል አትፍረዱብኝ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ እትዬ። በአንድ የጤና ፕሮጀክት ውስጥ አሠልጣኝ ነኝ። የመጀመሪያ ልጄ መስከረም መጨረሻ ላይ ዘጠኝ ወር ይሞላዋል። ጥቅምት ላይ ደግሞ አርባ ምንጭ ሄጄ አሥር ቀን ሥልጠና እንድሰጥ ተመድቤያለሁ። ልጁ ጡት አልተወም። ባለቤቴ «እናቴ ጋ ተይው፣ እዚያ ወባ አለ» ይላል። አለቃዬ «ከፈለግሽ ይዘሽው ሂጂ» ብሎኛል፤ ግን በአፍ ብቻ ነው። ባልደረቦቼ «በልጅ ሰበብ ሥራ ታበላሻለች» እንዳይሉኝም እፈራለሁ። ልቅር እንዳልል አበሉ ያስፈልገኛል፤ እንዲህ ያለ ዕድልም ሁልጊዜ አይመጣም። ምን ይመክሩኛል?
*የጨነቃት እናት፣ ከአዲስ አበባ*

መልስ፦ እህቴ፣ እኔ ብሆን ይዤው እሄዳለሁ። ግን አንቺና ልጁ ብቻችሁን አትሄዱም። ሦስተኛ ሰው ካልተገኘ ቅሪ።

ብዙዎች የሚቸገሩት እዚህ ላይ ነው። «ልጄ እንቅልፋም ነው፤ አዳራሹ ጥግ ፍራሽ አነጥፍለታለሁ፤ ሠልጣኞቹም ይይዙልኛል» ይላሉ። የመጀመሪያው ቀን እውነትም ሁሉም ያቅፈዋል። «ሲያምር!» ይባላል፣ ፎቶ ይነሣል። በሦስተኛው ቀን ሲያለቅስ ሁሉም ስልኩ ላይ ያቀረቅራል። አንቺም ግማሽ ልብሽ ሰሌዳው ላይ፣ ግማሹ ፍራሹ ላይ ሆኖ ሁለቱንም ሳታደርጊ ትውያለሽ። ልጅ ይዘሽ ከመሄድሽ በፊት ልጅ የሚይዝ ሰው ያዢ።

ማንን? አማትሽ ልምድ አላቸው፣ ፍቅርም አላቸው። ግን እሳቸውም እዚያ እንግዳ ናቸው። የጽጌን ጾም የሚጾሙ ከሆነ ልጁን ትተሽ የጾም ምግብ ፍለጋ ነው የምትዞሪው። «ይህን ልጅ ብርድ መታው» እያሉም ጋቢ ይደራርቡበታል። አርባ ምንጭ ላይ! እኔ ልጁ የለመዳትን ሞግዚት እመርጣለሁ። እሷም ግን ሥራ ላይ ነው ያለችው። ቤት ብትሆን ማታ ማታ ታርፍ ነበር፤ እዚያ ሌሊቱንም ከእናንተ ጋር ናት። ጨምረሽ ክፈያት። የራሷ አልጋ ይኑራት። ምሳዋን አንቺ የምትበይበት ትብላ። አንዳንዱ ሰው «ሀገር አየች፣ ተዝናናች» ብሎ ሒሳቡን ይዘጋል፤ እሱ አያስኬድም።

ይህ ሁሉ ከአበልሽ ደህና አድርጎ ይበላል። ይብላ። ከዚህኛው ጉዞ ትርፍ አትቁጠሪ፤ ቦታሽን ካስጠበቅሽ ይበቃሻል።

አሁን የአለቃሽን ነገር እንይ። «ይዘሽው ሂጂ» ማለቱ ደስ ይላል፤ በመነሻው ቀን ንጋት ላይ ግን አያወጣሽም። ሾፌሩ «ከሠራተኛ ውጭ ሰው አልጭንም» ቢልሽ ልክ ነው። አደጋ ቢደርስ የሚጠየቀው እሱ ነው። ስለዚህ ቀደም ብለሽ በጽሑፍ ጠይቂ። እንዲህ ብትዪ ይበቃል፦ «በሥልጠናው ጊዜ የዘጠኝ ወር ልጄንና ሞግዚቱን በራሴ ወጪ ይዤ እንድሄድ፣ በመሥሪያ ቤቱ መኪና እንዲሳፈሩ፣ የአልጋ ልዩነት ካለ ከአበሌ እንዲታሰብ እንዲፈቀድልኝ እጠይቃለሁ። ሥልጠናው በሚሰጥበት ሰዓት ልጁ አዳራሽ አይገባም።» በቃ። «እናት እንደመሆኔ»፣ «ችግሬን ተረድታችሁ» የሚል ነገር አትጨምሪ። ልመና የበዛበት ደብዳቤ ሲነበብ አንባቢው ውለታ እየዋለ ይመስለዋል፤ ውለታ ደግሞ ይዘገያል።

ስለ ወባው ባለቤትሽ ያነሣው እውነት ነው። አርባ ምንጭ ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ከአዲስ አበባ አንድ ሺህ ሜትር ዝቅ ትላለች። የክረምቱ ዝናብ ካባራ በኋላ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ያለው ደግሞ ዋናው የወባ ወቅት ነው። ይህ ማለት ጥንቃቄው ጠንከር ይበል ነው እንጂ ቅሪ ማለት አይደለም። የዚያ አገር ሕፃናት እዚያው ያድጋሉ። አጎበር የራስሽን ያዢ። ሆቴሉ «አለ» ቢልም ያዢ። የሆቴል አጎበር አብዛኛውን ጊዜ ከላዩ ተንጠልጥሎ ያምራል፤ ሲዘረጋ ግን ክንድ የሚያስገባ ቀዳዳ አለው። ጀምበር ሳትጠልቅ ይዘርጋ፤ ጠርዙም ፍራሹ ሥር ይጠቅለል። ማታ ማታ ሞግዚቷ ልጁን ይዛ ግቢ ውስጥ አትቀመጥ። መስኮቱ ወንፊት ከሌለው ከመሸ አይከፈት።

ሰው ልብ የማይለው ሌላ ነገር አለ። ትንኟ ከነከሰች በኋላ ምልክቱ እስኪታይ ቢያንስ ሳምንት ገደማ ይወስዳል፤ አንዳንዴም ሳምንታት። ስለዚህ ልጁ እዚያ ደህና ሆኖ ከርሞ ትኩሳቱ ቤታችሁ ከገባችሁ በኋላ ሊመጣ ይችላል። በዘጠኝ ወሩ ነውና ሁሉም «ጥርስ እያበቀለ ነው» ይልሻል። አትስሚ። የዚያኑ ቀን ሐኪም ቤት ወስደሽ «አርባ ምንጭ ነበርን» በዪና ደሙ ይታይ። አዲስ አበባ ላይ ይህን ካልነገርሽ ስለ ወባ ላይጠይቁሽ ይችላሉ።

የክትባት ካርዱንም አውጥተሽ እዪው። ዘጠኝ ወር ላይ የኩፍኝ ክትባት አለው። ከመውጣትሽ በፊት ይከተብ። ክትባቱ ራሱ ሳምንት ካለፈ በኋላ በአንዳንድ ልጅ ላይ ትኩሳት ያመጣል። መቼ እንደተከተበ ለሐኪም መናገር እንድትችዪ ካርዱ ከእጅሽ አይለይ። አርባ ምንጭ ሆናችሁ ትኩሳት ቢመጣም ግን «ክትባቱ ነው» ብለሽ ቤት አታቆዪው፤ ያው ደሙ ይታይ።

ጡቱን በተመለከተ፦ አዳራሹ ያለበት ሆቴል እደሪ። አርባ ምንጭ ላይኛው ሴቻና ታችኛው ሲቀላ ተብላ ሁለት ናት፤ ሴቻ ከፍ ስለሚል ነፋሻ ነው። ሰውም «ሴቻ ያዢ» ይልሻል። ሥልጠናው ሲቀላ ከሆነ ግን ነፋሱ ይቅርብሽ። በሻይ ሰዓት ደረጃ ወጥተሽ አጥብተሽ መመለስ መቻል ከነፋሱ ይበልጣል። የሥልጠና ቀን መቼም እናውቀዋለን፤ ሻይ 4:30፣ ምሳ 6:30፣ ሻይ 9:30። ሦስቱም የልጁ ናቸው። ማኪያቶሽን እያጠባሽ ጠጪ። በመሐል ቢርበው ሞግዚቷ ምግብ ትስጠው፤ ዘጠኝ ወሩ ነው፣ ይበላል። ወተት አልበሽ ጠረጴዛ ላይ አታስቀምጪ። የታለበ የጡት ወተት ከማቀዝቀዣ ውጭ አራት ሰዓት ይቆያል የሚባለው ሙቀቱ ከ25 ዲግሪ ካላለፈ ነው፤ እዚያ ቀን ቀን ያልፋል።

ለምግቡ የምጥን ዱቄት ከቤት ያዢ። ሙዙን እዚያ ታገኛለሽ፤ እንደ አርባ ምንጭ ሙዝ የት ይገኛል። የገባሽ ዕለት ማታ ኩሽና ገብተሽ ምግብ አብሳይዋን ተዋወቂ። በአስተናጋጅ በኩል የታዘዘ የሕፃን ገንፎ ቂቤና በርበሬ ተከቦበት ይመጣል፤ ደርሶብኝ ነው። ፔርሙዝ ያዢ፤ ውሃ አፍልተው ይሙሉልሽ። ለምለምም (ተቅማጥ ቢይዘው በውሃ የሚበጠበጠውን ዱቄት) ያዢ። አንዱ ከረጢት የሚበጠበጠው በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ነው። ግማሹን ከረጢት በግምት በብርጭቆ የምትበጠብጥ ሰው አያለሁ፤ ጨውና ስኳሩ ይዛባል። የዋለ ያደረውን ድፊው።

ስለ መንገዱ አጠር ላድርገው። በቡታጅራና በሆሳዕና በኩል ከሄዳችሁ ለሕፃን ቀኑን ሙሉ ነው። በአንድ ቀን አትጨርሱት፤ ሶዶ እደሩ። በአንቀልባ የታዘለ ልጅ መኪና ውስጥ የታሰረ ይመስላል፤ አልታሰረም። የሕፃን መቀመጫ ከኋላ ወንበር ላይ፣ ፊቱ ወደ ኋላ ዞሮ ይግባ። መግዛቱ ውድ ነው። ከውጭ የመጣ ዘመድ ትቶት የሄደው መቀመጫ አንዱ ጓደኛሽ ቤት ሳይኖር አይቀርም፤ ጠይቂ። ጋቢና ላይ አቅፈሽው አትቀመጪ፤ ሾፌሩ በአክብሮት «ፊት ግቢ» ይልሻል፣ አመስግነሽ ኋላ ግቢ። ገንዘቡ ከቻለ በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ከሁለት ዓመት በታች ስለሆነ በእቅፍሽ ይሄዳል። አውሮፕላኑ መውረድ ሲጀምር አጥቢው፤ ሲውጥ ጆሮው ይከፈትለታል።

ባልደረቦችሽ ማማታቸው አይቀርም። የመጀመሪያውን ቀን በሰዓቱ ከጀመርሽ ወሬው እስከ ምሳ አይቆይም።

ጥያቄ፦ እንደምን አሉ። የጅቡቲ መንገድ ላይ ተሳቢ ነው የምነዳው። ልጄ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። የወሩን አብዛኛውን ቀን መንገድ ላይ ስለሆንኩ ቤት ስገባ እንደ እንግዳ ያፍረኛል። አሁን ክረምት ነው፣ ትምህርት ተዘግቷል። አንድ ጊዜ ጅቡቲ ድረስ ይዤው ልሂድ ብዬ አሰብኩ። እናቱ «እብድ ነህ» አለችኝ። ማን ልክ ነው?
*ሾፌሩ አባት፣ ከአዳማ*

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሐሳብህ ልክ ነው፤ መንገዱን ግን እሷ ነች የምታውቀው። ታላቅ ወንድሜ በዚያው መንገድ ስላረጀ ትንሽ ሰምቻለሁ። አዋሽን፣ ገዋኔን፣ ሚሌን፣ ሰመራን አልፈህ ጋላፊ ስትደርስ ምን እንደሚጠብቅህ ላንተ አልነግርም። ወረፋው መቼ እንደሚለቅህ አታውቅም። ሐምሌና ነሐሴ ደግሞ እዚያ ቆላ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ የሚሆንበት ጊዜ ነው። አንተ መኪናህ ሥር ጥላ ፈልገህ ትተኛለህ። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ውሃ ሲያጥረው ቶሎ አይናገርም፤ ዝም ይላል፣ ይፈዛል። ድንበር ለማሻገር ደግሞ ሌላ ወረቀት ያስፈልጋል። ተረኛ ጉዳይ ጨራሽ ሆነህ ልጅህን ኬላ ላይ ልታስቀምጥ ነው?

ወደ ሞጆ ውሰደው። ደረቅ ወደብ የምትጭን ወይ የምታራግፍ ቀን ሳይኖርህ አይቀርም። ካንተ ቤት ቅርብ ነው፤ ማታ ቤቱ ያድራል። ኮንቴይነር በክሬን ሲነሣ ያያል። ለዘጠኝ ዓመት ልጅ ከጅቡቲ ባሕር ይልቅ ክሬኑ ነው ወሬ የሚሆነው። ስሙን ለጓደኞችህ ትነግራለህ፣ «የኔ ልጅ ነው» ትላለህ፣ እነሱም ሻይ ይጋብዙታል። አባቱ የት እንደሚውል ያወቀ ልጅ ቤት ስትገባ የሚጠይቅህ ነገር አያጣም። ያ ከተሳካ ሌላ ጊዜ ደጋ ደጋውን፣ ለምሳሌ አዲስ አበባ ደርሰህ የምትመለስበትን ጭነት ምረጥ።

ሦስት ነገር ግን አደራ። ነዳጅ የጫነ ቦቴ ላይ አይውጣ፤ ለአንድ ቀን ተደርበህ የምትነዳ ቢሆንም። ከወንበርህ ጀርባ ያለው አልጋ ላይ ተኝቶ አይሂድ፤ ፍሬን ስትይዝ መስታወቱን ነው የሚያገኘው። የረዳቱ ወንበር ላይ ቀበቶ ታጥቆ ይቀመጥ፣ ረዳቱ ያን ቀን ይረፍ። ሦስተኛው፣ ጎማ ሥር ድንጋይ አድርግ፣ ሸራ ሳብ እያልክ ረዳት አታድርገው። ብዙ ሾፌር የሆነ ሰው እንዲያ ነው የጀመረው፤ አውቃለሁ። ዛሬ ግን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ (1156/2011) ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅ እንዳይቀጠር ይከለክላል። የልጅህ ሥራ መስኮት ላይ ተለጥፎ መጠየቅ ነው። መልሱ ካንተ ይምጣ፤ ስልክህን ዝጋው።

ጥያቄ፦ የአንድ መሥሪያ ቤት ክፍል ኃላፊ ነኝ። ከባለሙያዎቼ አንዷ የሁለት ዓመት ልጇን ከነሞግዚቷ ይዛ ነው ፊልድ የምትወጣው። ሌሎቹ «መኪናው ጠበበን፣ በየመንገዱ እንቆማለን» ብለው አጉረመረሙ። እሷን ላለማስጨነቅ ልጁ እስኪያድግ ከፊልድ ባወጣትስ ብዬ አሰብኩ። ክፋት የለብኝም።
*ኃላፊው*

መልስ፦ አቶ ኃላፊ፣ ክፋት እንደሌለብዎት አምናለሁ። ግን ያሰቡት ነገር ሲሠራ ምን እንደሚመስል ልንገርዎት። ፊልድ የማትወጣ ባለሙያ አበል አታገኝም። ሪፖርቱን የምትጽፈው እሷ አይደለችም። ወረዳዎቹ ስሟን አያውቁም። ዕድገት ሲመጣ «የመስክ ልምድ» የሚል መስፈርት ይለጠፋል፤ እሷ የላትም። ይህን ሁሉ ያደረጉት ደግሞ አዝነውላት ነው፤ ስለዚህ መከራከር እንኳን አትችልም። በኔ ዘመን ስንት ጎበዝ ሴት በ«እሷን አናስቸግራት» ቢሮ ውስጥ ቀረች መሰልዎ። ላለመውጣት ከፈለገች ራሷ ትንገርዎ። እርስዎ አይወስኑላት።

በመጀመሪያ አንድ ነገር ያጣሩ፤ ሥራው ተበላሽቷል ወይ? ሪፖርቷ በቀኑ ከገባ፣ ቃለ መጠይቆቹ ከተሠሩ፣ ቅሬታው የወንበር ቅሬታ ነው። የወንበር ቅሬታ ደግሞ በወንበር ይፈታል። አምስት ሰው የሚሄድበት ጉዞ ላይ እሷንና ልጇን ከነሞግዚቷ ጨምሮ ሰባት ሰው አንድ ላንድክሩዘር ውስጥ አይታጨቅ። ወይ ሁለተኛ መኪና ይመድቡ፣ ወይ ሰው ይቀንሱ። ሞግዚቷም ልጁም ስማቸው ከጉዞው ፈቃድ ጋር በጽሑፍ ይያዝ። አሁን ያለው በዝምታ ከሆነ አንድ ቀን አደጋ ሲደርስ የሚጠየቁት እርስዎ ነዎት።

መቆሙን በተመለከተ፣ በየሁለት ሰዓቱ መኪናው ይቁም ብለው ለሁሉም መመሪያ ያውጡ። ሾፌሩም ያመሰግንዎታል። ያጉረመረሙት ሰዎች ሲቆም መጀመሪያ የሚወርዱት እነሱ ናቸው፤ ሲጋራ የሚያጨሰውም፣ ቡና የሚለውም፣ ዛፍ ሥር የሚጠፋውም።

እግረ መንገዴን፦ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ከሆናችሁ የሕፃናት ማቆያ እንዲኖራችሁ በ2010 የወጣው የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ (1064/2010) አዝዞ ነበር። ማቆያው በዓይን የሚታይ ከሆነ፣ ቁልፉም የዕቃ ግምጃ ቤቱ ኃላፊ እጅ ካልሆነ፣ ይህች እናት ለአጭር አጭሩ ጉዞ ልጇን ትታ ልትሄድ ትችል ይሆናል። ለረጅሙ ግን ይዛው ትውጣ፤ የሚቀጥለውን የጉዞ ዕቅድ ሲያወጡም ስሟን ከላይ ያስገቡት።